ውሃ የነካው ሲጋር

ሲጋር እንዴት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀኝ ሰው የለም እንጂ ቢጠይቀኝ መልሱን አላጣም። ሲደርቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ሲሻግት ምን እንደሚሸት፣ በስንት ቀን መገላበጥ እንዳለበት አውቃለሁ። በሕይወቴ አንድ ቀን አጭሼ አላውቅም። አባቴም አያጨስም ነበር፤ እናቴማ ጎረቤት ሲያጨስ መስኮቷን የምትዘጋ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለ ቤት ስለ ሲጋር ይህን ያህል ማወቁ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አባቴ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር ጀርባ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በር ላይ አንድ የኒም ዛፍ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንሰው ወንድሜ ዋሂል በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና አቧራ ለብሶ ይመጣና እሑድ ልብሱ ታጥቦለት ይመለስ ነበር። ከእኛ ቤት የሚያስቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ፣ አባቴ ዝምተኛ፣ እናቴ ደግሞ ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍን ናት።

የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ኩባዎች ከተማውን ሞልተውት ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ መላጣና ላብ የማይለቀው መካኒክ፣ የተሰበረ የመኪና ዕቃ ይዞ አባቴ ጋ ይመላለስ ጀመር። አባቴ ቶርኖው ላይ አስተካክሎ ይሠራለታል፣ ኩባው ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፣ በጣትና በዓይን ይግባባሉ። የጦር ክፍሉ ከከተማው ሲነሣ ያ ሰውዬ አንድ የእንጨት ሣጥን አምጥቶ አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ሃያ አምስት ሲጋር ተደርድሯል። ኩባው ጣቱን ወደ ሣጥኑ ቀስሮ በሚያውቃት አማርኛ፣ «ውሃ። ትንሽ። ሩቅ።» አለው። ደገመለት። አንዱን መዳፉን ሣጥኑ አጠገብ፣ ሌላውን ራቅ አድርጎ አሳየው።

አባቴ ይህን ሲያወራልን ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። የሰውዬው ነገር ገብቶኛል ይል ነበር፦ ድሬ ላይ ውሃ ትንሽ ሆነበት፣ አገሩ ደግሞ ሩቅ ነው። ናፍቆት ነው። እናቴ አዘነችለትና ድፎ ጋግራ በማግስቱ ብትልክለት ክፍሉ ሄዷል፤ ድፎውን ጋራዡ ውስጥ ተካፍለው በሉት። ሦስቱን ቃላት ግን ቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ አነሣናቸው፣ ሁልጊዜም በዚያው ትርጉም። ሰውዬው ስለ ሲጋሩ እየነገረን ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ከመሃላችን አልነበረም።

ሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ አውርዶ ይከፍተዋል፣ እንግዳው ያሸታል፣ ይገረማል፣ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ሥራ አልነበረውም። የድሬ ሐሩር የቆርቆሮውን ጣሪያ እያጋለ እኩለ ቀን ላይ ወንበሩን ሳይቀር ሲያንጫጫው፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ቅጠል ምን ይሆናል ብለን አልጠየቅንም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሳይመጣ ቀረ። ማክሰኞ ላይ ነው የሰማነው። ኬላ ላይ ከመኪናው አውርደውታል፤ ቦርሳው ውስጥ ወረቀት ተገኘ አሉ። ምን ወረቀት እንደሆነ የነገረን የለም፤ በዚያ ዘመን ወረቀት ማለት በቂ ነበር። ከተማው ውስጥ እስር ቤት የተደረገ አንድ የተወረሰ ቪላ ነበር፣ እዚያ ነው ተባልን። እናቴ ምሳ ይዛ ሄደች፤ ጥበቃዎቹ ስሙን ጠይቀው ሳህኑን ተቀበሏት። በማግስቱ ባዶ ሳህን መለሱላትና የዕለቱን ወሰዱ። እንዴት ደስ እንዳለን መናገር ያሳፍረኛል። ከተማው ሁሉ ሒሳቡ አንድ ነበር፦ ምሳ ከተቀበሉ ሰውየው በሕይወት አለ።

ሳምንት ያህል እንደሆነ፣ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ሹፌር ጎረቤታችን አባቴን ለብቻው አነጋገረው። የእስረኞቹን ጉዳይ የሚወስነውን ሻምበል የሚነዳው እሱ ነው። ሻምበሉ መኪናውንና ሹፌሩን እዚሁ ትቶ ለሥራ ጅጅጋ ሄዷል፣ ከወር በፊት አይመለስም፣ እሱ በሌለበት ደግሞ የሚፈረም ነገር የለም አለው። ጉቦ አያውቅም፣ ያቀረበለትን ሰው ያስረዋል። አንድ ነገር ብቻ ፊቱን ይፈታዋል፦ ሲጋር። ከኩባዎች ጎን ተሰልፎ ሲዋጋ የለመደው ነው፣ አሁን ግን ማግኘት አቅቶት ያዝናል። ሹፌሩ የእኛን ሣጥን አሽትቶ ከተገረሙት እንግዶች አንዱ ነበር።

አባቴ ወደ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቆመና ሣጥኑን አወረደ። አንዱን አንሥቶ በሁለት ጣቱ ቢጫነው ተንኮሻኮሸ። ቅርፊቱ ተሰነጠቀና ፍርፋሪው ምንጣፉ ላይ ወረደ። ሃያ አራት ቀረ፤ ወንድሜን የሚያስፈታው ነገር ይህ ነው፣ ሻምበሉ እስኪመጣ ደግሞ አንድ ወር አለ።

እናቴ አንድ ሲጋር መሐረብ ውስጥ ጠቅልላ መጋላ ገበያ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ድሬዳዋ የሚያውቀው ቅጠል አንድ ነው፣ ስለ እሱ ደግሞ ከጫት ነጋዴዋ አዴ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አዴ ትልቅ ሴት ናት፤ ጠዋት የመጣላትን ጫት በእርጥብ ጆንያ ሸፍና፣ እጇን ውሃ እየነከረች እየረጨች፣ ከሰዓትም የተቆረጠ እንዳይመስል አድርጋ ትሸጠዋለች። ሲጋሩን ተቀብላ መዳፏ ላይ አንከባለለችው፣ አሸተተችው። ስለ ምን እንደሆነ እናቴ ሹክ አለቻት። አዴ ሲጋሩን ለእናቴ መለሰችላት።

«ቅጠል ነው» አለች። «ቅጠል ውሃ ይወዳል፣ ወላሂ። ግን የኔ ቅጠል የዛሬ ነው፤ ነገን አያውቅም። ወር የሚጠብቅ ቅጠል አይቼ አላውቅም፣ እውነቱን ልንገርሽ አቦ።»

እናቴ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አዴም አንጀቷ አልችል ብሎ እንዴት እንደሚደረግ አሳየቻት፦ መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ማርጠብ፣ በኮባ መጠቅለል፣ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፣ ከእንስራው ሥር ጥላ ላይ ማኖር፣ ጠዋትና ከሰዓት እየረጩ ጆንያውን ማደስ። ስንወጣ አንድ ክንድ የሚያህል ኮባ በነፃ ጨመረችልን። እናቴ እቤት ገብታ ሲጋሮቹን አንድ በአንድ እየረጨች ስትጠቀልል አባቴ ከኋላዋ ቆሞ ያያል። «ኩባን በኮባ» አለ፣ ቀልድ የማይሆንለት ሰው። ሳቅን። ወንድሜ ከታሰረ ወዲህ ሦስታችን አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ቀን በሁለት ነገር ይቆጠር ጀመር፦ በምሳው ሳህንና በጆንያው። ጠዋት ተነሥታ ጆንያውን ትረጫለች፣ ወጧን ትሠራለች፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ ቪላው በር ላይ ፀሐይ ላይ ትሰለፋለች፣ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትረጫለች። ቧንቧ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ወራት ለእግራችን የምትቆጥበውን ውሃ ለሲጋሩ ሰጠች። ባዶው ሳህን ሲመለስ ደህና ተደርጎ ተጠርጎ ነበር የሚመጣው። «በልቷል፣ ምንም አላስቀረም» ትለናለች፤ በማግስቱ ትጨምርበታለች። እንቁላል ያገኘች ቀን እንቁላሉ ለእኛ አይደርሰንም። አልከፋንም።

ሲጋሮቹ መጀመሪያ አማረባቸው። ለሰለሱ፣ ወፈሩ፣ ቀለማቸው ጠቆረ፤ አባቴ ቢጫናቸው አይንኮሻኮሹም። እናቴ ልጇ የወፈረላት ያህል ደስ አላት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሽታው ተለወጠ፤ የሰነበተ እርጥብ ጆንያ ሽታ። እየበሰለ ነው አለችን። አንድ ቀን እሷ ምሳ ልታደርስ ስትወጣ ኮባውን ፈታ አድርጌ አየሁ። ከዳር ያሉት ላይ ነጭ ፀጉር መሰል ነገር በቅሏል። ምን እንደሆነ ዳቦ የሻገተበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አወቅሁት። በአውራ ጣቴ ጠርጌ መልሼ ጠቀለልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ቁጡ የምባል ሰው፣ ለሚቆጣኝ አለቃ እንኳ የማልመለስ፣ ያን ቀን እናቴን ፈራኋት። ከሳህኑ ሌላ የቀራት ተስፋ ያ ጥቅልል ነበርና እጄን ልጨምርበት አልደፈርኩም።

ሻምበሉ ተመለሰ ብሎ ሹፌሩ የነገረን ቀን አባቴ ጥቅልሉን ጠረጴዛ ላይ ፈታው። ከመሃል ያሉት ሳይቀሩ አረንጓዴ ግራጫ ሻጋታ ለብሰው ነበር፤ አንዳንዶቹ አብጠው ቅርፊታቸው ተተርትሯል። አባቴ ንጹሕ የማሽን ጨርቅ አምጥቶ እያንዳንዱን ጠረገ፣ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው፣ ይህም የባሰ ሰነጠቃቸው። ከሃያ አራቱ ዘጠኝ ደህና የሚመስሉ መርጦ ከላይ ደረደረ፣ የቀሩትን ከሥር አደረገ። እኔ በምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ማመልከቻውን ታይፕ አደረግሁ፤ «ልጃችን ጥፋት ካለበት ተመክሮ» የሚል ቃል አለበት። ጥፋት አለበት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሻምበሉ ቢሮ ከዚራ ውስጥ ነበር፤ ሰፊ በረንዳ፣ ዙሪያው ዛፍ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቀበለን። የጠበቅሁት ሰው አልነበረም። ቀጭን፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ለአባቴ ወንበር ሳበለት። አባቴ ማመልከቻውን አስቀድሞ ሣጥኑን ከሥሩ አስቀመጠ። ሻምበሉ ማመልከቻውን ወደ ጎን አደረገና ሣጥኑን ከፈተ። ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። አንዱን አንሥቶ ጆሮው ሥር አንከባለለ፣ ጫፉን አየ፣ ከሥር ያለውን አወጣ፣ እሱንም አየ።

«ምን አደረጋችሁት?» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቡ አዝኖ ነበር።

አባቴ ድርቀቱን፣ ኮባውን፣ ጆንያውን ተንተባትቦ ነገረው። ሻምበሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማውና ተነሥቶ ከመደርደሪያ ውስጥ የራሱን ሣጥን አወጣ። ውስጡ አራት ሲጋር ብቻ ቀርቶታል። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ቆሟል፣ አፉ ላይ በውሃ የራሰ ጥጥ ተወትፏል። ለአባቴ አስጠግቶ አሳየው። ሲጋር ውሃ አይጠጣም፣ የውሃውን እስትንፋስ ነው የሚስበው አለው። በጣም የደረቀውን በአንዴ አያረጥቡትም፤ ቀስ በቀስ ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል። በሳምንት አንዴ ሣጥኑን ከፍቶ ማናፈስ፣ የላዩን ወደ ታች የታቹን ወደ ላይ መገልበጥ፣ ሽንኩርት ካለበት ማራቅ። የተናገረው በትዕግሥት ነው፣ ጥሩ አስተማሪ እንደሚያስረዳ እየደጋገመ። «ውሃው ይቅረበው እንጂ አይንካው» አለ። «ትንሽ ውሃ፣ ራቅ ብሎ።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ያን ፊቱን አልረሳውም። «ለካ ይህን ነው ያለኝ» አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። መላጣው ኩባ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ እጆቹን አራርቆ የነገረው ነገር በዚያች ሰዓት ገባው። እኔ ደግሞ ተስፋ አደረግሁ። ሰው ለሲጋር እንዲህ የሚራራ ከሆነ ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ማሰቤን ልክድ አልችልም።

ከዚያ ሻምበሉ ማመልከቻውን አነበበ። ስሙ ላይ ሲደርስ መሳቢያውን ስቦ አንድ መዝገብ አወጣ፣ ጣቱን ቁልቁል አወረደ፣ አንድ መሥመር ላይ ቆመ።

«ይህ ልጅ እኔ ጅጅጋ ከመሄዴ በፊት እርምጃ ተወስዶበታል» አለ።

እርምጃ ተወሰደበት ማለት ተገደለ ማለት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሬዲዮ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ ግን የማያውቀው ቋንቋ የሰማ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የተሳሳተ ሰው እንደሚያርም ሁሉ፣ «ትናንትም ምሳውን ተቀብለውናል እኮ ጓድ ሻምበል» አለ።

ሻምበሉ መዝገቡን አጠፈ። የእኛንም ሣጥን ክዳኑን ገጥሞ ወደ አባቴ ገፋው። «ጥበቃዎቹን አነጋግራቸዋለሁ» አለ። በሩ ድረስም ሸኘን።

ከዚራ ጥላ ሥር አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጥን። አባቴ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀኖቹን ይቆጥር ጀመር። ወንድሜ የተያዘበትን ቀን፣ ሻምበሉ የሄደበትን፣ አዴ ጋ የሄድንበትን። የመጀመሪያውን ውሃ ስንረጭ ልጁ አልነበረም። ሹፌሩ አባቴን ሲያነጋግረው አልነበረም። ከወር በላይ እናቴ ጥበቃዎቹን ስትቀልብ ከርማለች። ስለ ሳህኖቹ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፣ እንዴት ተጠርገው ይመለሱ እንደነበር። አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር ያስለቀሰኝ። አባቴ አላለቀሰም። ለእናቴ ራሱ እንደሚነግራት ነገረኝ፣ አፌን እንድይዝም አስማለኝ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ሣጥኑን ነው፣ ከእጃችን አለመውጣቱን። ለምን አልተቀበለም ብላ ጠየቀች። አባቴ አፉን ከፈተ። ሊነግራት አስቦ እንደነበር አውቃለሁ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ውሃ ነክቶታል አለ» አላት። ልጁስ ስትለው፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ የት እንደሆነ አይነገርም፣ ከእንግዲህ ምሳም አይቀበሉም አላት።

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እኔ ነኝ» አለች።

አይደለሽም የሚላት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሁለት ነበርን። አባቴ ሣጥኑን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ፣ እኔ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። አይደለሽም ካልናት እንግዲያ ማን ነው ትላለች፣ ከዚያ ሁሉንም መንገር ይመጣል። ስለዚህ ዝም አልን። ያ ዝምታ ወር ሆነ፣ ዓመት ሆነ። አዴ ወር የሚጠብቅ ቅጠል የለም ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት ትላለች እናቴ፤ ውሃ ስትቀዳ እጇን ታያለች። አባቴ በአራተኛው ዓመት ሞተ፤ እውነቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ።

መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ እንደልማዷ «ያን ውሃ ባልረጨው ኖሮ» ስትል ትዕግሥቴ አለቀ። ሁሉንም ነገርኳት። መዝገቡን፣ የሻምበሉን ጣት፣ ቀኖቹን። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ውሃው ምንም አላደረገም፣ እኛ ስንጀምር ልጁ አልነበረም አልኳት። ነፃ ያወጣኋት መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ለማን ነው የሠራሁት?» አለች።

በዚያም አላበቃችም። እንቁላል የጨመርኩበት ቀን ለማን ነው፣ ማር የቀባሁበት ዳቦ፣ ሥጋ ያገኘሁበት እሑድ፣ ሁሉንም በቀኑ ታስታውሰዋለች። አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ የሠራሁትን ሳህን ከፊቷ አስቀምጣለሁ፣ ታየዋለች፣ በእጇ ገፋ ታደርገዋለች።

በአራተኛው ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። የነገርኩሽ ውሸት ነው አልኳት። ተናድጄ ያወራሁት ነው፣ መዝገብ የሚባል ነገር አላየሁም፣ ሻምበሉ ያለን ተዛውሯል ብቻ ነው፣ ምሳውንም ይበላ የነበረው እሱ ነው። ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረችው።

«እንግዲያው ውሃው ነው» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ውሃው ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ምሳዋን በላች።